ደራ ወይስ ቋራ

አጎቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ መሬቱ ለልጆቹ፣ በቅሎው ለእህቱ፣ ለኔ ደግሞ አንድ ሲዲ ደረሰኝ። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብዬ ነው። ሲዲው በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በነጠላ ቅዳጅ ታስሮ፣ ከበርበሬው ማዳበሪያ በላይ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። ሽንዲን ለማታውቁት፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ያለች የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት፤ የበርበሬና የበቆሎ አገር። ከረጢቱን ስፈታ አስነጠሰኝ። አቧራው እንዳይመስላችሁ፣ በርበሬው ነው።

አጎቴ መሪጌታ አልነበረም። በልጅነቱ ዜማ ቤት ገብቶ፣ ድጓ ጀምሮ፣ ሳያስመሰክር አቋርጦ የተመለሰ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ይቆጨው ነበር። ቁጭቱን የሚወጣው በመሰብሰብ ነው፤ በየደብሩ እየዞረ ከየመምህሩ የሰማውን የበዓላት ዜማ ቃሉን በደብተር ይጽፋል፣ ከቃሉ በላይ ምልክቱን ያስቀምጣል፣ ከሥሩ ደግሞ ከማን እንደሰማውና የት አገር እንደሰማው በአንድ መስመር ያሰፍራል። በ1993 ዓ.ም. ያንን ደብተር ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም ሄደና አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አስተየበው። ወደ ስልሳ ገጽ ወጣ። ምልክቶቹን ግን ኮምፒውተሩ መጻፍ አልቻለም፤ ስለዚህ ገጾቹ ከታተሙ በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ጨመራቸው። ፋይሉ መጀመሪያ በፍሎፒ ነበር፤ በኋላ ሰው ለምኖ ወደ ሲዲ አዛወረው። «እንግዲህ አይጠፋም» ይል ነበር።

ደብተሩን ምስጥ በላው። ከታተመው ወረቀት የተረፈው አሥራ አንድ ገጽ ነው። ሲዲው ግን ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ላፕቶፔ ውስጥ ስከተው ፋይሉ ተከፈተ። ተከፈተ ስል ገጹ ሞላ ማለቴ ነው፤ በፈረንጅ ፊደል፣ በቅንፍ፣ በዶላር ምልክት፣ ነጥብ በተደረበባቸው የጀርመን አናባቢዎች። ስልሳ ገጽ ሙሉ አንድም «ሀ» የለም።

በ1990ዎቹ ያደጋችሁ ይሄን ነገር ታውቁታላችሁ። ከወንድማችሁ ፍላሽ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትከፍቱ፣ ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ ስትከፍቱ ያያችሁት ነው። ብዙ ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይዘጋዋል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። እያንዳንዱ ቁጥር አጎቴ ባስቀመጠው ቦታ አለ። የጠፋው አንባቢው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር አንድን ፊደል በአንድ ባይት ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ256 ቦታ በላይ የለውም፣ ከዚያም ላይ ብዙው ቀድሞ ተይዟል። የኛ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹ፣ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ በአዲስ አበባም በአሜሪካም የነበሩ ልጆች ብልሃት ፈጠሩ፤ የፈረንጁን ፊደል ቦታ ወስደው የግዕዝ ፊደል ሥዕል አለበሱት። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ «መ»ን ይስላል። ቦታ ያነሳቸው ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ ዋናውን ፊደል ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አድርገው ገጣጠሙት። አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያልን የምናስታውሳቸው ስሞች የዚያ ዘመን ናቸው። ያለ እነሱ የአማርኛ ጋዜጣም፣ መጽሐፍም፣ የአጎቴ ስልሳ ገጽም በኮምፒውተር ባልተጻፈ ነበር። ችግሩ የጋራ ሰንጠረዥ አለመኖሩ ነው። የአንዱ «መ» የሌላው «ጸ» ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የሞከሩም ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን አጻጻፍ አወጡ፤ ግዕዙን ራሱ በላቲን ፊደል፣ ግን በማይዛነፍ ሕግ መጻፍ ነው። መልኩ አያምርም። ግን በሴራ የተጻፈ የ1990ዎቹ ኢሜይል ዛሬም ማንም አይቶ ሊያነበው ይችላል፤ ፎንት አይፈልግምና። ያማረው ጠፍቶ ያላማረው ሲተርፍ አይቼ ገርሞኛል።

የጋራው ሰንጠረዥ የመጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ነጥቦችን አስገባ። ከዚያ ወዲህ «መ» በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ነው። ዩኒኮድ አንድ የማይታጠፍ ደንብም አለው፦ አንዴ የተሰጠ ቦታ አይነሳም፣ አይዛወርም። አጎቴ ፍኖተ ሰላም ሲሄድ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ አለቀ የሚባል ነበር። ግን ወደ ሰው ኮምፒውተር ለመድረስ ዓመታት ፈጀ፤ ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. በቪስታ ነው። አጎቴ ስድስት ዓመት ቸኮለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በ2012 ሲዲውን ስከፍት የፊደሉን ዝብርቅርቅ አይቼ ተናደድኩና ሁሉንም መርጬ፣ ገልብጬ፣ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል አስገባሁት። «ቢያንስ እንዳይጠፋ» ብዬ። ሲዲውን ቤት ውስጥ አስቀምጬ ረሳሁት፤ ልጆች መስታወት አድርገውት ተሰበረ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ያ ጽሑፍ በሁለት ፎንት የተጻፈ ነበር። አንደኛው ፎንት የተለመዱትን ፊደሎች፣ ሁለተኛው እንደ «ኵ» እና «ቋ» ያሉትን ይዟል፤ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚጠቀሙት። ዋናው ፋይል የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ያውቅ ነበር። እኔ ስገለብጠው ያ እውቀት ቀረ።

የተረፉት አሥራ አንድ ገጾች ቁልፍ ሆኑልኝ። ወረቀቱን በግራ፣ ስክሪኑን በቀኝ አድርጌ ይሄ ቁጥር «ለ» ነው፣ ይሄ «ድ» ነው እያልኩ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሁለት ወር ወሰደብኝ። ከዚያ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ስልሳውን ገጽ ባንዴ ቀየርኩት፣ ግዕዙም ብቅ አለ። የዚያን ቀን ሌሊት አልተኛሁም። ግን በየመሐሉ ትርጉም የሌለው ቃል አለ። ደግሞም የተመለሰው ቃሉ እንጂ ዜማው አይደለም፤ ምልክቱ ፋይሉ ውስጥ ከመጀመሪያውም አልነበረማ።

ስለዚህ በ2015 ጥር ላይ ፋይሉን ይዤ ወደ የኔታ ሄድኩ። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ምልክት ስለሚባለው ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ እኔም እስከዚያ ድረስ በወጉ አላውቀውም ነበር።

ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ፣ ለ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንሰጣለን። ከዜማው ቃል በላይ የሚጻፈውን ምልክት ግን የሊቃውንቱ ትውፊት የሚሰጠው ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ለነበሩ ሁለት ሰዎች ነው፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል። ጊዜውን ልብ በሉት። የግራኝ ጦርነት ገና ማለቁ ነው። መጻሕፍት ተቃጥለዋል፣ መምህራን አልቀዋል ወይም ተበትነዋል። ድጓም በጋይንት ቤተልሔም ተጠብቆ ተረፈ ይባላል። ያ ሁሉ ዘመን በቃል ሲወርድ የኖረ ዜማ ድንገት በጽሑፍ ምልክት ማስፈለጉ ለኔ አጋጣሚ አይመስለኝም። ሰው አንባቢ እያለቀ እንደሆነ ሲያይ ነው መጻፍ የሚጀምረው። ምልክቱ ከመጣ በኋላም የቀደሙትን መጻሕፍት አልጣሏቸውም፤ ያለ ምልክት በተጻፉ ጥንታዊ ብራናዎች ላይ በመስመር መሐል ባለው ጠባብ ቦታ ሌላ እጅ፣ በሌላ ዘመን ምልክት የጨመረባቸው አሉ።

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ነጥብና ጭረት ነው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ድምፁን ያዝ፣ ወደ ደረት አውርድ፣ አንቀጥቅጥ፣ ድፋ፣ ቁረጥ ይላሉ። ሊቃውንቱ በእያንዳንዱ ስም የክርስቶስን ሕማማት ያመሠጥሩበታል፤ ይዘት መያዙ፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ይቀመጣል። እነዚህ ፊደሎች የሚነበቡ አይደሉም፤ ከሌላ፣ ከታወቀ የዜማ ቃል የተቆረጡ ናቸው። ትርጉማቸው «ያን ቃል ባዜምክበት ዜማ ይሄንንም አዚም» ነው። እንዲህ ያሉ ምልክቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይም ይለያያሉ። ያንን የመጀመሪያውን ዜማ በቃሉ ያልያዘ ሰው ምልክቱን ሺህ ጊዜ ቢያየው ምንም አይነግረውም።

ይሄን ስረዳ ሳቄ መጣ። የአጎቴ ፋይል በትክክል እንደዚህ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር «መ» አይደለም፤ «እዚያ ፎንት ውስጥ በዚህ ቦታ ያለውን ሳል» የሚል መልእክት ነው። ድጓውም ውስጥ ያለው ዜማ አይደለም፤ «እዚያ የኔታ ጋ የተማርከውን አምጣ» ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ችለው አይቆሙም። ታዲያ አንዱ 450 ዓመት ገደማ ሲነበብ ሌላው ሃያ ዓመት ሳይሞላው ዝም ያለው ለምንድን ነው?

ዜማ ቤት ያደረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የድጓ ተማሪ መጀመሪያ ይሰማል፣ ይደግማል፤ ከዚያ የራሱን ድጓ በእጁ ይገለብጣል። መምህሩ ፊት ያዜመዋል፤ ምልክት ከሳተ ይታረማል። ዓመታት ፈጅቶ ሲያበቃ ወደ ማስመስከሪያው ጉባኤ፣ ለምሳሌ ወደ ቤተልሔም ይሄድና ይመሰክራል። በኮምፒውተር ቋንቋ እንናገር ካልን፣ ፋይሉ በየትውልዱ እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና ይቀመጣል፣ ከዋናው ጋር ይመሳከራል። ፎንቱም አብሮ ይገለበጣል፤ ፎንቱ ሰው ነዋ። ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት ሆኖ ኖረ ማለት አይደለም። የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር የሚባሉ የዜማ መንገዶች አሉ፤ ቃሉ አንድ ሆኖ አዚያዜሙ ይለያል። በርሃብና በበሽታ፣ ቆሎ እየለመኑ ለዓመታት መማር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍልም አጎቴን ያየ ያውቀዋል። እሱ ያቋረጠው ሰንፎ አይደለም፤ ታሞ ነው።

የፈረንጁም ኖታ ከዚህ አልዳነም። ለሙዚቃ ኖታ ከተሠሩት ፕሮግራሞች ትልቅ ስም የነበረው ፊናሌ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱ እትም የአሮጌውን ፋይል እንዲያነብ ሲጥር ኖረ፤ አሮጌው ግን የአዲሱን አያነብም ነበር፤ በ2014 እትም የፋይሉ ዓይነት ራሱ ተቀየረ። ሌላ ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም ደግሞ የፊናሌን ፋይል በቀጥታ አይከፍትም ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለቤቱ ሜክሚዩዚክ ከ35 ዓመት በኋላ ፊናሌን ማዘመን እንዳቆመ አስታወቀ። መጀመሪያ ከአንድ ዓመት በኋላ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስፈቀድ አይቻልም ተብሎ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛ ያንን አነሱት። በዚያ ሳምንት በየአገሩ ያሉ አቀናባሪዎች የዕድሜያቸውን ሥራ በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ሲገለብጡ ሰነበቱ። ይሄ በማይክል ጉድ የተጀመረ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙ የወጣ የልውውጥ ዓይነት ነው፤ ኖታውን በተራ ጽሑፍ «ይህ ድምፅ፣ ይህን ያህል ርዝመት» ብሎ የሚጽፍ። ልክ እንደ ሴራ አያምርም፤ ማንም ግን ያነበዋል።

ታዲያ የአጎቴን ዜማ በፈረንጅ ኖታ ለምን አልጻፍከውም የሚለኝ ሰው አለ። ተሠርቷል እኮ። ኬይ ሼለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የቅዳሴና የድጓ ዜማ በሦስት ቅጽ፣ ከነድምፁ፣ ወደ አምስት መስመር ኖታ እየገለበጡ አሳትመዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ኖታ የሚነግረን አንድ መሪጌታ በአንድ ቀን እንዴት እንዳዜመው ነው። ድፋት ግን ዶ ወይም ሬ አይደለም፤ ለአዛሚው የተሰጠ ትእዛዝ ነው። እኔ የምፈልገው ትእዛዙን ነበር።

የኔታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ከደብሩ ጀርባ ባለችው ጎጆአቸው በጥርና በየካቲት ማታ ማታ እየሄድኩ፣ ከላፕቶፔ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ያዜሙታል። የመጀመሪያው ማታ ሦስተኛው መስመር ላይ «መሉ» ብዬ አነበብኩ።

«ምን አልክ?»

«መሉ፣ የኔታ። እንዲህ ነው የሚለው።»

ሳቁ። «ኵሉ በል፣ ልጄ። መሉ የሚባል ነገር ከየት አመጣህ?»

በቃ። ሁለተኛው ፎንት ተፈታ። ያ ቁጥር በአንደኛው ፎንት «መ»፣ በሁለተኛው «ኵ» ነው። ከዚያ ወዲያ ትርጉም የማይሰጥ ቃል ሲገጥመኝ እንኳን አልጨነቅም፤ የተሳሳተውን አነባለሁ፣ እሳቸው ሳይቆሙ ትክክለኛውን እያዜሙ ያልፉታል። ከፋይሉ የጠፋው ፊደል እሳቸው ጋ አለ። አንዳንዴ ገና ሳልጀምር ይቀድሙኛል።

ምልክቶቹን እየጠሩልኝ ጻፍኩ። ለዚህም ቢሆን ዩኒኮድ ደርሶልናል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በ4.1 እትሙ አሥር የዜማ ምልክቶችን አስገብቷል። እነሆ፦ ᎐ ᎑ ᎒ ᎓ ᎔ ᎕ ᎖ ᎗ ᎘ ᎙። ባዶ ሳጥን ከታያችሁ ስልካችሁ ፎንቱ የለውም ማለት ነው፤ የአጎቴን ሲዲ ስከፍት የተሰማኝ ይሄ ነው። ካያችሁት ደግሞ የመጀመሪያው ነጥብ ይዘት፣ የመጨረሻው ቁርጥ ነው። ምልክቶቹ ግን ከፊደሉ በላይ ራሳቸው አይወጡም፤ እንደ ተራ ፊደል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት መስመር ሠራሁ፤ ከላይ ምልክቱ፣ ከታች ቃሉ። ስልክ ላይ ሲከፈት ይዛነፋል። የኔታ «ድፋት» ሲሉ ምልክቱ በየትኛው ፊደል አናት ላይ እንደሚውል በኋላ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ አስተካከልኩ፤ አጎቴ በ1993 እንዳደረገው።

በተረፉት አሥራ አንድ ገጾች ላይ የአጎቴ ምልክትና የየኔታ ምልክት የማይገጥሙባቸው ቦታዎች አሉ። ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እሱ ከሌላ ቤት የተማረ ይሆናል። አትሰርዘው፤ ሁለቱንም ጻፍ» አሉኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ሦስት ቅጂ አሳትሜ አንዱን እሳቸው ጋ፣ አንዱን እናቴ ጋ፣ አንዱን እኔ ጋ አስቀመጥኩ። ፋይሉ ተራ የዩኒኮድ ጽሑፍ ነው፤ ምንም ፕሮግራም አይፈልግም።

አንድ መስመር ግን እስከዛሬ አልተፈታም። ልዩነቱ ከሚበዛበት ዜማ ሥር አጎቴ የት እንደሰማው ጽፏል፤ የሰማበት አገር ስም ሁለት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በአንደኛው ፎንት «ደ»፣ በሁለተኛው «ቋ» ነው። ሁለተኛው ፊደል «ራ» ነው። ደራም ቋራም አገር ነው፤ ሁለቱም ጋ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የኔታን ጠየቅኳቸው።

«እሱ ዜማ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «እሱን የሚያውቀው አጎትህ ነበር።»